የሕይወት ታሪክ በቁም ይነበብ፦ የሰፈር ቡድን ባለውለታዎችን የማክበር ዝግጅት አሠራር

የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ባረፉ ቀን የሕይወት ታሪካቸው ቀብራቸው ላይ ተነበበ። ከ20 ዓመት በላይ የልጆቻችንን ቁርጭምጭሚት ሲያሹና ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ያላወቅነው፣ አንድ ዓመት ቡድኑ ወረዳ ለውድድር መሄጃ ሲያጣ ሙክታቸውን ሸጠው የመኪና መክፈላቸውን ነው። አጠገቤ የቆመው የያኔው አምበላችን ጠጋ ብሎ «እኔ እኮ መኪናውን ወረዳው የላከልን ይመስለኝ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተስማማን። የሕይወት ታሪክ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ እየሰማ ይነበብ። ይህን ዝግጅት እስካሁን አራት ጊዜ አድርገናል። ሁለቱ አምረዋል። አንዱ ደህና ነበር። የመጀመሪያውን ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አብዛኛውን የተማርነው ከእሱ ስለሆነ አነሳዋለሁ። ለገጠር ቀበሌም ለትንሽ ከተማም ቡድን እንዲሆን አድርጌ ጽፌዋለሁ።

1. ከስም በፊት ሥራውን ጻፉ

ኮሚቴ ተሰብስቦ «ማንን እንሸልም?» ብሎ ከጀመረ አለቀለት። መጀመሪያ የሚነሳው ስም ድምፁ የሚሰማ ሰው ነው። ቀጥሎ ገንዘብ የሰጠ ሰው ይመጣል። ከዚያ የአንዱ የኮሚቴ አባል አጎት። ስለዚህ ማንንም ሳትጠሩ፣ ቡድኑ አንድ ጨዋታ እንዲጫወት ምን ምን ሥራ እንደሚሠራ ወረቀት ላይ አስፍሩ።

እኛ ስንጽፍ እንዲህ ወጣ። ክረምት ሲወጣ ከሜዳው ላይ እሾህና ኩርንችት የሚነቅል። ከብት የሚያስወጣ። መስመር የሚያሰምር፣ ኖራ ሲጠፋ አመድ ፈልጎ የሚያመጣ። መረብ የሚሰቅልና የሚያወርድ። ማልያ የሚያጥብ። የተተረተረ ታኬታ የሚሰፋ። የኳሱን ከመነዳሪ የሚለጥፍ ጎሚስታ። በጀሪካን ውኃ የሚያመላልስ። ወጌሻ። የተጫዋቾችን ወረቀትና የውድድር ደብዳቤ የሚይዝ፣ እሱ መቼም መምህር ነው። አይሱዙውን በነዳጅ ብቻ የሚሰጥ። በዱቤ ለስላሳ የሚያወጣ ባለሱቅ። አስጨፋሪ። ዝናብ ሲዘንብ ከማይጠፉት ደጋፊዎች ሦስት አራቱ።

ሌላም አለ። ሜዳው ራሱ ከየት መጣ? የእኛ ሜዳ አንድ ጎኑ የሦስት ገበሬዎች ግጦሽ ነበር። ልጆች ሲረግጡት ዝም ያሉት እነሱ ናቸው። ዝም ማለትም እኮ ሥራ ነው። እኛ ይህን ያስታወስነው በሁለተኛው ዓመት ነው።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ በየሥራው ፊት ስም ጻፉ። ምናልባት አንድ ስም ሦስት ቦታ ላይ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

2. ኮሚቴውን አሳንሱት፣ ደንቡን አጥብቁት

አምስት ሰው ይበቃል። አንድ የሰፈር ሽማግሌ፣ አንድ የቀድሞ ተጫዋች፣ አንድ አሁን የሚጫወት ልጅ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ። አምስተኛዋ ሴት ትሁን። ቢቻል ከአምስቱ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ወንዶች ብቻ ተቀምጠን የመጀመሪያውን ዝርዝር ስንሠራ ማልያ አጣቢዋን ሙልጭ አድርገን ረስተናት ነበር።

ሦስት ደንብ ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፉና ፈርሙ። አንደኛ፣ የኮሚቴ አባል በዚያ ዓመት አይሸለምም። ሁለተኛ፣ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ይቅደም። ሦስተኛ፣ በአንድ ዓመት ከስድስት ሰው አይለፍ። ስድስት ለምን? ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ብትሰጡ ግማሽ ሰዓት ነው። ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ ጸሐይ ላይ ቆሞ አያዳምጥም። 40 ሰው የሸለመ ቡድን አውቃለሁ። ወረቀቱ እንደ ፈተና ውጤት ስም እየተጠራ ታደለ። አንዳንዱ በጓደኛው በኩል ወሰደ።

የቀሩት የሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር ላይ ይግቡ። ወረፋ መኖሩ ከታወቀ ኩርፊያው ይቀንሳል። ጨርሶ ግን አይጠፋም። ወረፋ ከያዙት መሃል ግን በዕድሜ የገፋና የታመመ ካለ ወረፋ አይጠብቅም፤ እሱ ይቅደም።

3. ታሪኩን ሰብስቡ፣ ዓመቱን አጣሩ

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ይህ ነው። ቢያንስ አንድ ወር ስጡት። ጽሑፉ ጥሩ የሚነበብ ልጅ ምረጡ፣ ደብተር ይዞ ቤት ለቤት ይዙር። ባለቤቱን ብቻ አይጠይቅ። የቀድሞ ተጫዋቾችን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን ይጠይቅ። ስለ ራሱ «እኔ ምን ሠራሁና» የሚል ሰው ነው የምታከብሩት፤ ከእሱ አፍ ብዙ አታገኙም።

ዓመት ላይ ሁሉም ይምታታል። «ያኔ ነው እንጂ» ይሏችኋል። ያኔ መቼ? እኛ መላ አገኘን። ሁሉም ሰው የሚያስታውሳቸውን ቀኖች ይዘን እንጠይቃለን። ለአዛውንቶቹ፣ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካ ዋንጫን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለበት ጥር 1954። ቀጥሎ የ77ቱ ድርቅ። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያመጣችበት ነሐሴ 1984። ሚሊኒየሙ። ለወጣቶቹ፣ ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉበት ጥቅምት 2005። «መረቡን መስቀል የጀመሩት ከሱዳን ጨዋታ በፊት ነው በኋላ?» ሲባሉ ወዲያው ነው የሚመልሱት። «በፊት ነው፤ እንዲያውም የዚያን ዕለት ቴሌቪዥን ላይ የጎሉን መረብ አይቼ ቀናሁ» ያሉኝ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዓመቱ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ይሁን። አንድ ጊዜ ውጭ የሚኖር የሰፈራችን ልጅ የመስታወት መታሰቢያ አሠርቶ ላከልን። እጅግ ያምራል። «ከ1988 እስከ 2016» ይላል። መነሻው በእኛ፣ መድረሻው በፈረንጅ። ሰውየው ያገለገሉት 20 ዓመት ነው፤ እኛ ስምንት መረቅንላቸው። ስጦታውን ሲቀበሉ አንብበው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ስምንቱን ግን በየት አግኝቼ ልክፈላችሁ?» አሉ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ደግነቱ ቀልደኛ ናቸው።

ስምም እንደዚሁ ይጣራ። ወረቀት ላይ አቶና ወይዘሮ ይባላል፣ ማይክ ላይ ጋሼና እትዬ። ቄስ፣ ሼህ ወይም ሐጂ ከሆኑ ማዕረጋቸው አይቅር። የሴቶቹን ስም በባላቸው ስም እንዳትጽፉት፣ የአባታቸውን ጠይቁ። የተጻፈውን ለልጃቸው አሳዩትና ፊደሉን ያርም።

4. አስቀድማችሁ ጠይቁ

ሰርፕራይዝ የሚባለውን ነገር ለልደት ተዉት። ትልቅ ሰው ሳይዘጋጅ ሕዝብ ፊት መቆም አይወድም። የአገር ልብሱን ማውጣት አለበት። ሩቅ ያሉ ልጆቹ መምጣት አለባቸው። እናቶች ጸጉራቸውን መሠራት ይፈልጋሉ።

ሁለት ሰው ሆናችሁ ቤት ሂዱ። የመጀመሪያው መልስ «ኧረ ተዉኝ፣ ምን አደረግሁና» ነው። ይህ እምቢታ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። በሦስተኛው ቀን በልጃቸው ወይም በጎረቤት በኩል ድገሙት። ያኔም «ሰው ፊት አታቁሙኝ» ካሉ የምራቸውን ነው። ተዉአቸው። ተጫዋቾቹ ማልያ ለብሰው ቤታቸው ይሂዱ፣ ቡና ይፈላ፣ ታሪኩ እዚያው ይነበብ። ካየኋቸው ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው እንዲህ ያለው ነው። 14 ጎረምሳ አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ፣ ጫማው በር ላይ ተቆልሎ፣ አዛውንቱ አልጋቸው ላይ ጋቢ ደርበው የራሳቸውን ታሪክ አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ።

5. ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው

«ለስፖርቱ ዕድገት ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚለውን አውጡት። ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል። እኛ ለማልያ አጣቢያችን የጻፍነው ይህ ነው፦

«ከ1989 እስከ 2014 ዓ.ም. በየሳምንቱ 16 ማልያ በእጃቸው አጥበው፣ እሁድ ማታ ከጭቃ ጋር ተቀብለው ቅዳሜ ጠዋት አጣጥፈው ላስረከቡን እናታችን። በእነዚህ 25 ዓመታት አንድም ማልያ ከእጃቸው አልጠፋም።»

አራት ነገር ብቻ ይኑረው። ምን ሠሩ፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ጊዜ፣ እና የእሳቸው ብቻ የሆነ አንድ ነገር። የቡድኑ ማህተምና የአምበሉ ፊርማ ይረፍበት። ፍሬም ውስጥ አስገቡት። ባዶ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ይታጠፋል፣ ፍሬም ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አታጋንኑ ደግሞ። መንደሩ ሁሉንም ያውቃል፣ ያልሆነ ነገር ከተነበበ ከኋላ ሹክሹክታ ይጀመራል።

ማይክ ላይ የሚነበበው ታሪክ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። አንድ ገጽ ከሞላ ረዝሟል።

6. ስጦታው

ካባ ማልበስ ያምራል፣ ፎቶም ይወጣል። ግን ካባው የኪራይ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ለብሰው ቤት ሊገቡ ሲሉ «እማማ፣ ይመለሳል» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳፍር አይቻለሁ። መግዛት ካልቻላችሁ ጥሩ ጋቢ በቂ ነው። ብርድ ልብስም ያስደስታል። ለቀድሞ ተጫዋችና ለአስጨፋሪ፣ ጀርባው ላይ ያገለገለበት ዓመት ብዛት የተጻፈበት ማልያ ከምንም ይበልጥበታል።

ገንዘብ ከሆነ በፖስታ፣ በግል፣ ከዝግጅቱ በኋላ። መጠኑ ማይክ ላይ አይጠራ።

ምንም የማያስወጡ ስጦታዎችም አሉ። በሜዳው ዳር ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ስማቸው የተጻፈበት አግዳሚ ወንበር አኑሩ። ወይም ሸክሙን አቅልሉላቸው። ለማልያዋ እናት ስጦታ ስንመርጥ አንዷ ልጃቸው «ሁለት ጎረምሳ ውኃ ይቅዳላት፣ ሌላው ይቅር» አለችን። አሁን በየሳምንቱ ተረኛ ሁለት ተጫዋች ጀሪካን ይዞ ይሄዳል። ስጦታ ምረጡ ስትባሉ መጀመሪያ ቤተሰቡን ጠይቁ።

7. ገንዘቡ

መዋጮው ከመጀመሪያው ቀን በደብተር ይያዝ። ብር ያለው ብር፣ የሌለው ዱቄት፣ እንጨት፣ የእድር ወንበርና ድንኳን። ወንበርና ድንኳኑን ከእድሩ ዳኛ በጊዜ ጠይቁ። ከባንክ የሚወጣ ብር ካለ በሦስት ሰው ፊርማ ይሁን።

ውጭ ያሉ የሰፈር ልጆች ብዙ ይረዳሉ። ይህን ዓይነት ዝግጅት አይተው ያውቁታል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ በእኛ ሰኔ መጨረሻ ገደማ ከተማ እየቀያየረ ውድድር ያዘጋጃል፣ የክብር እንግዳም ይጋብዛል። ስለዚህ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ግን ከብሩ ጋር ዝርዝሩን ልመርጥ የሚል ካለ በትህትና እምቢ በሉ። ወጪው ሲዘጋ ደረሰኞቹን ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ልቀቁ። የሚቀጥለው ዓመት መዋጮ የሚገኘው በዚህ ነው።

ድግሱ ከስጦታው በልጦ እንዳይገኝ። በግ ለማረድ ካሰባችሁ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ለየብቻ ይታረድ። አቅም ከሌለ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ቡና አድርጉት። ጾምም ቢሆን አያስቸግር፣ ሁሉም አብሮ ይበላል።

8. ቀኑ

ክረምት አይሆንም፣ ሜዳው ውኃ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰው አዝመራ ላይ ነው። የገበያ ቀን አይሆንም። ሁዳዴና ረመዳን ላይ ደግሞ ኳሱም ዝግጅቱም ይቀዘቅዛል። ለደጋው ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር ሳምንት ይመቻል። ጉራጌ አገር ከሆናችሁ ብዙ ማሰብ የለባችሁም፣ መስቀል ነው። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ያን ጊዜ አገር ቤት ይገባል።

መንደሩ ውስጥ ሰው ከሞተ ዝግጅቱ ወዲያው ይተላለፍ። ዳቦው ተጋግሮም ቢሆን። ዳቦውን ለቀስተኛ ይብላው።

9. የዕለቱ አካሄድ

የመጀመሪያው ዝግጅታችን የተበላሸው እዚህ ነው። ሽልማቱን ከጨዋታው በኋላ አደረግነው። ቡድናችን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ግማሹ ሰው ተናዶ ወደ ቤቱ ሄደ። የቀረው እንግዶች ንግግር ሲያደርጉ መሸበት። በመጨረሻ የማልያዋ እናት ስም ሲጠራ የሉም። ተፈለጉ። ለካ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ እያማሰሉ ነው! ራሳቸው የሚከበሩበትን ድግስ ራሳቸው ሲያበስሉ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ዓይናቸው በጭስ ቀልቶ ወጡ። እንዳለቀሱ ያሰበም ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ዝቅ ብለው ሳሙትና ተመልሰው ወደ ምድጃው ሄዱ። «ያርርብኛል» አሉ። እኔ ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አሁን የምንሄድበት ሰዓት ይህ ነው፦

ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል፦ ተከባሪዎቹ ከነቤተሰባቸው ይቀመጣሉ። የፊት ወንበርና ጥላው የእነሱ ነው፣ ባለሥልጣን ሁለተኛ ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ቡና ይቀርባል።
8 ሰዓት፦ ምርቃት። አንድ ቄስና አንድ ሼህ ካሉ ሁለቱም ይመርቁ። ዳቦው ይቆረስ።
8 ሰዓት ከ10፦ ላረፉት ባለውለታዎች የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት። ስማቸው ይጠራ፣ ወረቀታቸውን ቤተሰብ ይቀበል።
8 ሰዓት ከሩብ፦ ሽልማቱ። ታሪኩን የጻፈው ልጅ ራሱ ያንብብ። ስጦታውን የሚያስረክበው በዚያ ሰው የተጠቀመ ሰው ይሁን። ለወጌሻ የሚሰጠው እግሩን የታሸ ተጫዋች ነው፣ ሊቀመንበሩ አይደለም።
ለ9 ሰዓት 10 ጉዳይ፦ የቀበሌው ተወካይ፣ ሦስት ደቂቃ።
9 ሰዓት፦ ከተከባሪዎቹ በዕድሜ ትልቁ ኳሷን ነክተው ጨዋታውን ያስጀምራሉ።

የእረፍቱ 15 ደቂቃ ለዚህ አይበቃም፣ አትሞክሩት።

መድረክ መሪው ቀልድ የሚያውቅ ግን ቀልድ የማያበዛ ይሁን። ሞንታርቦውን ጠዋት ሞክሩት፣ መብራት ከጠፋ ጀነሬተር ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ዘፈኑን ለአስጨፋሪው ተዉለት። ስማቸውን አስገብቶ አንድ ስንኝ ካወጣ፣ ከዚያ በኋላ በየጨዋታው ይዘፈናል። ተሸላሚው መናገር ከፈለገ ማይኩ ይሰጠው፣ ካልፈለገ አታስገድዱ።

ምግብ የሚሠሩት ደግሞ ተጫዋቾቹ ይሁኑ። ወጡ አይጥምም። ግድ የለም።

10. በማግስቱ

ፎቶዎቹን ስልክ ላይ አታስቀሯቸው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ አሳትማችሁ በሳምንቱ ውስጥ አድርሱ። ያልተሸለመና ያኮረፈ ካለ የኮሚቴው ሽማግሌ ቤቱ ሄዶ ያነጋግረው። ዝርዝሩን ያሳየው፣ ስሙ የትኛው ዓመት ላይ እንዳለ ይንገረው። እኛ ዘንድ አንድ የመስመር አስማሪ አንድ ወር ሙሉ ኖራ አላፈስም ብለውን በአመድ ተጫውተናል።

ከዚያ አንድ ደብተር ግዙ፣ ወፍራም። አምስት ዓምድ አስምሩበት፦ ስም፣ የሠራው ሥራ፣ የጀመረበት ዓመት፣ ምን አደረገ፣ ማን ነገረን። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ፀሐፊው አንድ መስመር ይጻፍበት። «ጎሚስታው ኳሱን በነጻ ለጠፈ።» «ዝናብ ነበር፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን እስከ መጨረሻው ቆዩ።» በሚቀጥለው ዓመት ቤት ለቤት መዞሩ በግማሽ ይቀንሳል።

የእኛ ደብተር ያለው ባለሱቁ ጋ ነው፣ ከዱቤ መዝገቡ አጠገብ። አንዳንዴ ይሳሳታል። ባለፈው እኛ ደብተር ላይ «ሦስት ሳሙና፣ አንድ ዘይት» የሚል አግኝተናል።